የዱረቲ ጭስና የክቡርነትዎ ቦይ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ የተጻፈው ለእናንተ አይደለም፤ ለአንድ ባለሥልጣን ነው። የሰው ደብዳቤ ማንበብ እንደምትወዱ ስለማውቅ ግን ሳላሽገው አወጣሁት። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ዙለይካ ልትጠይቀኝ ከሜጋ መጣች። ከባጃጅ ወርዳ ደጃፌ እንደደረሰች የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ሳሎን ገብታ ከተቀመጠችም በኋላ አላነሳችውም። ጉንፋን ይዟት ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁላት። ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱን ዘጋሁት። በዚህ በእኛ ሙቀት ብርድ ልብስ ሳይቀር አውጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። እሷ ብርጭቆውን በአንድ እጇ፣ ሻሿን በሌላው እጇ ይዛ ላቧ እስኪንቆረቆር ከታገሠችኝ በኋላ፣ “ሚስራዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። አፍንጫሽን የታመምሽው አንቺ ነሽ” አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በደጃፌ የሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይሸታል። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ የሥጋ ቤት እጣቢ ይሸታል፣ የላቫጆ ሳሙና ይሸታል፣ ሌላም ስሙ መጽሔት ላይ የማይጻፍ ነገር ይሸታል። እኔን ግን አይሸተኝም። ማሽተቱ መቼ እንደተወኝ አላውቅም፤ እንደ ክፉ ተከራይ ሳይሰናበተኝ ወጥቶ ሄዷል። በማግሥቱ ከፊት ለፊቴ ሱቅ ላላት ለጎረቤቴ ለራሕማ ጉዳዩን ባጫውታት፣ ለካ ዙለይካ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ በሱቋ ፊት ስታልፍ አይታ ተቀይማ ኖሯል። “እኔን ተጠይፋ ነው እንጂ ምን የሚሸት ነገር አለ?” አለችኝ። ቦዩ ከሱቋ ደረጃ ሥር ነው።

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከነገሌ እስከ ሜጋ፣ ከአሬሮ እስከ ተልተሌ ቦይ ያለው ሁሉ ራሱን ይጠርጥር። አሁን ወደ ደብዳቤው።


ለክቡር አቶ ቀጄላ
የከተማችን የጽዳትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና በመኪና ውስጥ አንድ መቀመጫ ስለመያዝ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና በላይኛው ሰፈር ያለው ነፋሻ ግቢዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ደህና ነን። በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ “ናጋ?”፣ ሰላም ነው ወይ፣ ብሎ ሰውን፣ ከብቱን፣ ውሃውን በየተራ እንደሚጠይቅ፣ ተወልደው ያደጉበት ነውና ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሰው ደህና ነው። ከብቱ ላይ ስንደርስ ድምፃችን ትንሽ ዝቅ ይላል። ውሃው ላይ ስንደርስ ስለ ሌላ ነገር ማውራት እንጀምራለን።

ተቆጥቼ የምጽፍልዎ እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። መቆጣት በመጀመሪያው ዓመት ነበር። ያኔ ጉልበት ስለነበረን ቢሮዎ ድረስ እየመጣን እንጮኽ ነበር፤ ክቡርነትዎም ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ አስቀርበው፣ እኛ የምንጮኸው ስለ ቦዩ ውሃ መሆኑ ቅንጣት ሳያሳቅቅዎ በትዕግሥት ያዳምጡን ነበር። አሁን በቦዩ ላይ ተራምደን ገበያ እንሄዳለን፣ ተራምደን እንመለሳለን። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የዘይት ቀለም ልጆቹ ቀስተ ደመና ይሉታል፤ የሚያርማቸው ሰው የለም፤ ሌላ ቀስተ ደመና ካዩም ቆይቷል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ምስጋና ይቀበሉልኝ። ምስጋናዬንም እንደ ጨዋ ሰው በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቦዩ ስለ ራሱ አመሰግናለሁ። ከመቆፈሩ በፊት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ ገበያውን ሰንጥቆ ይሄድ ነበር። በመናኸሪያው ጥግ ሱቅ ያለው ሸሪፍ፣ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ያቆመለትን ሱቅ ከእነስኳሩ ጎርፍ ሲገባበት፣ እኛ በር ላይ ቆመን “ዛሬስ ጎርፉ ጣፍጧል” እያልን ስንስቅበት እንደነበር አይረሱትም። ቦይ ይሠራልን ብለን የለመንነው እኛው ነን፤ ይህን አልክድም። ተሠራልን፣ ሪባኑም ተቆረጠ። ከዚያ በፊት በተደረገው ስብሰባ ላይ ግን ኦቦ ጎሊቻ እጃቸውን አውጥተው ነበር። ኦቦ ጎሊቻ ከከተማው በታች ያለውን ሐሮ የሚጠብቁ አዛውንት ናቸው፤ ሐሮ ማለት ቀደምቶቻቸው በእጃቸው የቆፈሩት፣ የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ ከብት የሚጠጣበት ትልቅ ኩሬ መሆኑን ለክቡርነትዎ ሳይሆን ለሩቅ አንባቢ ነው የምገልጸው። “ልጄ፣ ይሄ ቦይ መጨረሻው የት ነው?” ብለው ጠየቁ። ክቡርነትዎም ካርታውን በጣትዎ እየተከተሉ፣ “ወደ ታች ነው፣ አባቴ” ብለው መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። ኦቦ ጎሊቻ “ታች እኮ እኔ አለሁ” ብለው ተቀመጡ። ያን ጊዜም ሳቅን።

በዚያ ሐሮ ሥርዓት ልብስ አይታጠብበትም፣ ሰው እግሩን አይነክርበትም፣ ከብቱም የሚገባው በአንድ በር፣ በተራው ነው። ዙሪያው በእሾህ የታጠረ ነው። አንዲት ፍየል በአጥሩ ሾልካ ብትገባ ባለቤቷ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ክቡርነትዎ ከእነቦይዎ በዚያው አጥር ሥር በሲሚንቶ ቱቦ ሲገቡ ግን ማንም አልጠየቀዎትም። ፍየል ባለመሆንዎ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ።

ሁለተኛ፣ በመንገድ ላይ ማናቸውንም ፈሳሽ የደፋ እንደሚቀጣ ስለደነገጉልን አመሰግናለሁ። ደንቡ ሥራ ላይ በዋለ ማግሥት ከተማው እንዴት ጽዱ እንደሆነ በዓይናችን አይተናል። ላቫጆው የአይሱዙውን ጭቃና ሳሙና፣ ሥጋ ቤቱ ደሙን፣ እኛ ሴቶቹም የኦሞ እጣቢያችንን መንገድ ላይ መድፋት ትተን ቅጣቱን ፈርተን በሥርዓት ቦዩ ውስጥ መድፋት ጀመርን። የመካኒኩን የፍስሐን በርሜልም ያስታውሱታል። ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዡ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከመኪና የተቀየረ የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት፣ ያረጀና የተጣመመ በርሜል ነበር። አያምርም ነበር፤ ልክ ነዎት። ነገር ግን ሞልቶ አያውቅም። ግመሉን እከክ የያዘበት አርብቶ አደር በጀሪካን ይቀዳለታል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ቋሚውን ምስጥ እንዳይበላበት ሊቀባው ይቀዳለታል። ፍስሐ ራሱ “እኔ እኮ ጋራዥ አይደለሁም፣ ፋርማሲ ነኝ” እያለ ይኮራበት ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በርሜሉ የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል ብሎ በመኪና ጭኖ ወሰደው። ፍስሐ “ዘይቱንስ ታዲያ የት ላድርገው?” ብሎ ሲጠይቅ ደንብ አስከባሪው በጣቱ ብቻ አሳየው። ወዴት እንዳሳየው የመናገር ድፍረቱ የለኝም። ጣቱ ግን ወደ ታች ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ሰው ያለበት ስለሆነ ይረዝማል፤ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

አዴ ጉያቱን ክቡርነትዎ ያውቋቸዋል። ከሐሮው አጠገብ ከልጃቸው ከቡሌ ጋር የሚኖሩ፣ ላሞቻቸውን ከዚያው ሐሮ የሚያጠጡ፣ ወተታቸውን በየጠዋቱ ይዘውልን የሚወጡ እናት ናቸው። እዚህ ወተት ማለት ወተት ብቻ እንዳይደለም ያውቃሉ። ከሥራሥር የተሸመነው የወተት ዕቃ ታጥቦ፣ ለዚሁ ተመርጦ በተለቀመ እንጨት ፍም ውስጡ ይታጠናል፤ ወተቱም ያን ጭስ ይዞ ይመጣል። ሴት በጭሷ ትታወቃለች። ቡሌ ዱረቲን ከአሬሮ ካገባት ጀምሮ የአማቷን ዕቃ የምታጥነው ዱረቲ ነበረች፤ ጭሷም በከተማው የተመሰገነ ነበር። እኔ ራሴ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሻይ በወተት ሲቀርብልኝ፣ የሰው ሐዘን ረስቼ “ውይ፣ ይሄ የዱረቲ ነው” ብዬ አውቃለሁ።

ከቦዩ በኋላ በመጣው ዝናብ ወተቱ ጣዕሙን ለወጠ። አፍንጫችን የለመደውን ምላሳችን ገና አልለመደም ነበር መሰለኝ። ወተት አንድ ነገር አንድ ነገር ካለ ደግሞ ጥፋቱ የጭሱ ነው፣ ጭሱም የሴቲቱ ነው፤ ከዚህ ሌላ ማሰብ ማንም አላስተማረንም። ወተቱን ከቦዩ ጋር ያገናኘ አንድም ሰው አልነበረም። በራሕማ ሱቅ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ከቦዩ አንድ ስንዝር ርቀን፣ ጉዳዩን በጥልቀት መረመርነው።

“እንጨት መልቀም ሰንፋ በላስቲክ ነው የምታጥነው።”

“ላስቲክ አይደለም እቴ፣ የጎማ ቁራጭ ነው። ያየ ሰው ነው የነገረኝ።”

“ማነው ያየው?”

“ያየው ሰው ነዋ!”

በዚህ ማስረጃ ላይ ሁላችንም ተስማማን። ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ፤ ሥጋ ቤቱ ቀረ፣ ሻይ ቤቶቹ ቀሩ፣ በመጨረሻ ራሕማም የዱቄት ወተት መሸጥ ጀመረች። ወሬው አዴ ጉያቱ ጆሮ ገባ። አንድ ጠዋት እዚያው ደረጃ ሥር፣ ሰው ተሰብስቦ እያየ፣ ዕቃውን ገልብጠው ወተቱን ቦዩ ውስጥ ካፈሰሱ በኋላ ምራታቸውን፣ “ከአባትሽ ቤት የተማርሽው ይሄን ነው?” አሏት። ዱረቲ ወደ ቤት ተመለሰች። ስትዳር ይዛቸው የመጣችውን የራሷን የወተት ዕቃዎች ብቻ ጠቅልላ በዚያው ዕለት ወደ አሬሮ በሚሄደው መኪና ወጣች። ቡሌ መናኸሪያው ድረስ ተከትሏት ሄዶ መኪናው እስኪጠፋ ቆመ። እስካሁንም ምንም እንዳላለ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዴ ጉያቱ ዕቃውን ራሳቸው ያጥናሉ። እንጨቱን ለመልቀም በእርጅና ጉልበታቸው ኮረብታ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አጥነው አልበቃ ሲላቸው ይደግሙታል። ሽታው ግን ከዱረቲ ጋር አሬሮ አልሄደም፤ ቤቱን ወዶት ቀርቷል። ጎርፍ ከሸሪፍ ሱቅ ስኳር ብቻ ይወስድ እንደነበር፣ የክቡርነትዎ ቦይ ግን ከአንድ ጎጆ ሚስት ማውጣት እንደሚችል ስላሳዩን ለልማቱ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

አራተኛ፣ ቢሮዎ ስላስተናገደኝ አመሰግናለሁ። የመጣሁበትን ምክንያት ምናልባት ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። ከላይ ለአንባቢዎቼ ስለ እሷ የነገርኳቸው የአክስቴ ልጅ፣ አፍንጫዋ ገና በሕይወት ያለው፣ በማግሥቱ ጠዋት ለአዴ ጉያቱ አዝኜ ከገዛሁት ወተት ሻይ ሳቀርብላት አንድ ጉንጭ ወስዳ ብርጭቆውን አስቀመጠችው። “ይሄ ወተት ደጅሽን ደጅሽን ይላል” አለችኝ። እኔ ምን ማለቷ እንደሆነ ባይገባኝም እጇን ይዤ አዴ ጉያቱ ቤት ወሰድኳት። ዙለይካ የታጠነውን ባዶ ዕቃ ተቀብላ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተችና “ማሻ አላህ፣ ይሄማ ጥሩ ጭስ ነው” አለች። ከዚያ ላሞቹ ወደሚጠጡበት ወረድን። ቦይዎ ከሚያበቃበት ከእሾህ አጥሩ ዘንድ ስንደርስ ዙለይካ ሳታስበው ሻሿን እንደገና አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

አዴ ጉያቱ ሻሹን አዩት። ውሃውን አዩት። ቀስተ ደመናውንም አዩት። አልጮኹም፤ ማንንም አልረገሙም። አጥሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ “እና ልጅቷስ?” አሉ።

ያን ጥያቄ ይዘን ነው ከኦቦ ጎሊቻ ጋር ቢሮዎ የመጣነው። ክቡርነትዎም ሻይ ጋብዘውን፣ ወተት የሌለበት፣ ነገሩን በጥሩ ሁኔታ አስረዱን። ቦዩ የተሠራው ለዝናብ ውሃ ነው አሉን፤ ዝናቡ የፈጣሪ ነው፤ በዝናቡ ላይ የሚጨመረው ነገር የነዋሪው ነው፤ ሐሮው ደግሞ ከከተማው ክልል ውጭ በመሆኑ ጽሕፈት ቤትዎን አይመለከትም። ኦቦ ጎሊቻ ይህን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ካዳመጡ በኋላ፣ “እንግዲያው ልጄ፣ ውሃውን ድንበሩ ላይ አቁሙልን” አሉ። እርስዎም ስብሰባ እንዳለብዎ አስታውሰው ተነሡ። ከስብሰባው ምን እንደተወሰነ ለማወቅ ብዙ አልጠበቅንም፤ ይህም ወደሚቀጥለው ምስጋናዬ ይወስደኛል።

አምስተኛ፣ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። “ቦያችንን ከቆሻሻ እንጠብቅ” የሚለው ሰማያዊ ሰሌዳ እጅግ ያምራል። ሠራተኞችዎ ሲተክሉት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። የሰሌዳውን ሁለት ቋሚዎች ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ ዘይት ቀቧቸው፤ ጥሩ ሥራ ነው። ዘይቱን ያገኙት ከፍስሐ ነው። ቀብተው ሲጨርሱ ብሩሹን ቦዩ ውስጥ አለቀለቁት፣ የተረፈውንም ዘይት እዚያው ደፉት። ራሕማ ከሱቋ ሆና “ኧረ ሰሌዳውን አንብቡት!” ብላ ብትጮኽባቸው አንደኛው፣ “ገና አልደረቀም፣ እትዬ” አላት። ሳቅን። እንደ ድሮው ግን አልሳቅንም፤ በአፍንጫ የምትወጣዋን፣ ድምፅ የሌላትን ሳቅ ነው የሳቅነው። እሷን እንኳ ያስቀረችልን አፍንጫችን ትመስገን።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚቀረኝ አንድ ልመና ነው።

አዴ ጉያቱ ምራታቸውን ለመመለስ ሽማግሌ ወደ አሬሮ ልከው ነበር። ሽማግሌዎቹም በደንብ ተስተናገዱ። የዱረቲ አባት ኦቦ ጉራቻ ቁጡ ሰው አይደሉም አሉ፤ ያሉትንም ቃል በቃል ይዘውልን መጥተዋል። “ልጄ ዕቃ ማጠን አትችልም የተባለው ሰው እያየ ነው፤ ትችላለች የሚባለውም ሰው እያየ ይሁን። እናትየዋ መጥተው ቃላቸውን ያንሱ፣ እኔም እቀበላለሁ። ግን ሽታው የልጄ ካልሆነ የማን ነው? ባለቤቱ መጥቶ የኔ ነው ይበለኝ። ባለቤት የሌለው ሽታ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ልጄ ላይ ይቀመጣል።” ዱረቲም ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች እንጂ ወጥታ አልታየችም አሉ። ያቺ፣ አዴ ጉያቱ ቤት ሙሽራ ሆና ስትገባ ሳቋ ከሐሮው ማዶ ይሰማ የነበረች ልጅ ናት።

አዴ ጉያቱ ቃላቸውን ያነሳሉ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን የፈረድነውም ራሕማና እኔ አብረን ሄደን የፈረድነውን እናነሳለን። የሽታውን ባለቤት ግን ብንፈልግ ብንፈልግ ማግኘት አቃተን። ፍስሐ “በርሜሌን ማን ወሰደው?” ይላል። ላቫጆው “መንገድ ላይ አትድፋ ተብያለሁ” ይላል። ሥጋ ቤቱም እንዲሁ። እኛም እንዲሁ። ሁሉም ጣቱን ወደ ላይኛው ሰፈር ይቀስራል፤ የላይኛው ሰፈር ደግሞ ጣቱን ወደ ታች። እኔ ከዚህ ሁሉ ጣት መሐል ለጽሕፈት ቤትዎ ካለኝ ክብር የተነሣ የክቡርነትዎን መረጥኩ።

ልመናዬ በጀት አያስፈልገውም። የፍስሐ በርሜል ከጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ፣ የጥበቃው ዶሮዎች ጥላ ካደረጉት ቦታ ተነሥቶ ወደ ቦታው ይመለስ። የላቫጆውና የሥጋ ቤቱ እጣቢ ቦዩ ከመግባቱ በፊት የሚሰምጥበት ጉድጓድ እንድንቆፍር ይፍቀዱልን፤ ቁፋሮውን እኛው እንቆፍራለን፣ ቡሌም አካፋ ይዞ እንደሚመጣ በአንገቱ ነግሮናል። ከመጋቢት ዝናብ በፊት ከሆነ ሐሮው ራሱን ያጠራ ይሆናል ይላሉ ኦቦ ጎሊቻ። ካልሆነም እንለምደዋለን። ያልለመድነው ነገር ምን ቀረ?

ዋናው ልመናዬ ግን ይህ አይደለም። ዋናው ልመናዬ አንድ ቀን ከእኛ ጋር አሬሮ ድረስ መጥተው፣ ኦቦ ጉራቻ ፊት ተቀምጠው፣ በሰው ፊት ሦስት ቃል ብቻ እንዲናገሩልን ነው፦ “ሽታው የኛ ነው።” ንግግሩ አጭር በመሆኑ ጸሐፊ አያስፈልገውም። ጭብጨባ እንደሚኖረው ቃል ልገባልዎ አልችልም። ዱረቲ ግን ትሰማዋለች።

የቦይዎ ዳር ነዋሪ፣ የደንብዎ አክባሪ፣ የሰሌዳዎ የዕለት ተዕለት አንባቢ፣ ክቡርነትዎ በመኪና ሲያልፉ መስኮትዎን እንደሚዘጉ አይታ ጤናዎ እንዳይጓደል የምትጸልይ፣ በሙሉ ልቧና በከፊል አፍንጫዋ አገልጋይዎ፣

ሚስራ ቢላል

ግልባጭ፦
ለኦቦ ጎሊቻ፣ ታች ላሉት
ለመካኒክ ፍስሐ፣ ከእነፋርማሲው
ለአዴ ጉያቱ ላሞች፣ ለሚያውቁት ጉዳይ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦

አምና ከየከተማው የመጡ እንግዶች ስለ ጽዳታችን ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ የቀረበው ወተት የአዴ ጉያቱ ነበር። ያን ጊዜ ቦዩ ሐሮው ውስጥ መግባት ከጀመረ ቆይቶ፣ እኛም ወተቱን መጠርጠር ጀምረን ነበር። ክቡርነትዎ ግን ጽዋውን ጨርሰው ሁለተኛ አስቀዱ። ከዚያም ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ “ይህ ጭስ የባህላችን መዓዛ ነው፤ ያጠነችው እጅ ይባረክ” አሉ። ዱረቲ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቤቷ ስትወጣ፣ በዚያ ወተት ምክንያት በዚህ ከተማ ውስጥ በሰው ፊት የመረቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ክቡርነትዎ ነዎት። ቪዲዮው ሸሪፍ ስልክ ላይ አለ። ሁለተኛው ጽዋ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ሽታው የእርስዎ መሆኑን ለመናገር ቢከብድዎ፣ ቢያንስ እንደወደዱት ይመስክሩልን።

መኪናው ይህ መጽሔት በወጣ ሳምንት፣ ከገበያ ቀን ማግሥት፣ ከሸሪፍ ሱቅ ፊት ይነሣል። ከሹፌሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ የክቡርነትዎ ነው። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበትም አዴ ጉያቱ ራሳቸው ያጠኑትን ባዶ የወተት ዕቃ አስቀምጠንበት እንጠብቅዎታለን። አሬሮ ስንደርስ ኦቦ ጉራቻ ደጅ ላይ ከዚያ መቀመጫ የወረደው ክቡርነትዎ ይሁኑ ወይስ ዕቃው፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ።